ትንሿ ፒንና ትልቁ ምሰሶ
በአሮጌ ባለሸራ ጀልባ ላይ የምሰሶ ዕቃዎችን መለየትና መተካት

ስለ ባሕር ጉዞ አደጋ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ማዕበሉን ነው። ጀልባ የሚጠፋው በውኃው ኃይል ብቻ ይመስለናል። በባለሸራ ጀልባ የሚጓዙ ሰዎች ግን ከውኃው እኩል፣ አንዳንዴም ከውኃው አብልጠው፣ ቀና ብለው የሚመለከቱት ነገር አለ። እርሱም ሸራውን የተሸከመው ምሰሶ ነው። ሞተር የሌለው ጀልባ ምሰሶው ከወደቀ እግሩን እንደተመታ መንገደኛ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ምሰሶው ሲወድቅ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው አለ።

ለመሆኑ ምሰሶ ለምን ይወድቃል? ብዙ ጊዜ ራሱ ምሰሶው ደክሞ አይደለም። ከጣት የማትወፍር ፒን፣ የተሰነጠቀች ትንሽ ብረት ወይም በማይስማማው ብረት የታሰረ ብሎን ነው ምክንያቱ። በዚህ ጽሑፍ በአሮጌ ባለሸራ ጀልባ ላይ የሚገኙት የምሰሶ ዕቃዎች ምን ምን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚለዩና እንዴት እንደሚተኩ እንመለከታለን። ባሕር አይቶ የማያውቅ አንባቢም ቢሆን አሮጌ ሞተር፣ አሮጌ የውኃ ፓምፕ ወይም አሮጌ መኪና በእጁ ካለ የሚጠቀምበት ነገር እንደማያጣ ተስፋ እናደርጋለን።

ምሰሶው እንዴት ይቆማል?

የሠርግ ወይም የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የድንኳኑ ቋሚ እንጨት የሚቆመው በራሱ ጥንካሬ አይደለም። በዙሪያው የተወጠሩት ገመዶችና መሬት የተመቱት ካስማዎች እኩል ስለሚጎትቱት ነው። አንዱ ካስማ ቢነቀል ድንኳኑ በሙሉ ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል። የጀልባ ምሰሶም እንደዚሁ ነው። ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎኖች በተጠመዘዙ የብረት ሽቦዎች ተወጥሮ ይቆማል። እነዚህን ሽቦዎች ወጣሪዎች ብለን እንጥራቸው።

በቀይ ባሕርና በዓደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ከምጽዋ፣ ከዘይላና ከዓደን ወደቦች ሲነሡ የኖሩት ሳምቡኮች ምሰሶ ከእንጨት፣ ማሰሪያቸውም ከገመድ የተሠራ ነበር። ገመዱ ሲበላ ባሕረኛው በዓይኑ ያየዋል፤ ሌላ ገመድ አምጥቶ ያስረዋል። ብረት ግን እንደ ገመድ አያስጠነቅቅም። ውጭው እያበራ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊቆይ ይችላል። የዘመናችን ጀልባ ባለቤት ከጥንቱ ባሕረኛ ይልቅ መመርመር የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

አካሉ ይኖራል፣ ዕቃው ያረጃል

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የጀልባ አሠራር ተለወጠ። በእንጨት ፈንታ ፋይበርግላስ መጣ። ከዚያ ዘመን ጀልባዎች አንዱ በአሜሪካ የተሠራው ፒርሰን ትሪቶን ነው። ንድፉን ያወጣው ካርል አልበርግ ሲሆን ርዝመቱ 28 ጫማ፣ ማለትም ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ለሽያጭ ቀርቦ እስከ 1967 ድረስ ከ700 በላይ ተሠርተዋል። ፋይበርግላስ አይበሰብስም፤ ምስጥ አይበላውም። ስለዚህም ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ትሪቶኖች ዛሬም በውኃ ላይ አሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። አካሉ ስለኖረ ጀልባው ሁሉ የኖረ ይመስላል። አሮጌ ጀልባ በርካሽ የገዛ ሰው አካሉን አንኳኩቶ፣ ቀለሙን አይቶ ይረካል። ከራሱ በላይ ያሉት ዕቃዎች ግን ከጀልባው ጋር የተወለዱ፣ ለዓመታት ሲሳቡና ሲለቀቁ የኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለ ወጣሪ ሽቦዎች የሙያው ሰዎች በተለምዶ የሚሰጡት ዕድሜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው። የጀልባው አካል ግን የዚህን አራት ወይም አምስት እጥፍ ይኖራል።

ምሰሶ መውደቅ ምን እንደሚያስከትል ከሚያሳዩት ታሪኮች የሮቢን ሊ ግራሃም ታሪክ ይጠቀሳል። ይህ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ደቭ በተባለች 24 ጫማ ጀልባ ዓለምን ሊዞር ተነሣ። በመንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ምሰሶው ወድቆበታል። ሁለተኛው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ኮኮስ ከሚባሉት ደሴቶች ከተነሣ በኋላ ነበር። በቀረው ዕቃ ትንሽ ምሰሶ አቁሞ ከ2,000 ማይል በላይ ተጉዞ ሞሪሺየስ ደረሰ። ጉዞውን የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1970 በሌላ፣ ተለቅ ባለ ጀልባ ነው። እርሱ በሕይወት ወጥቷል። ሁሉም ሰው ግን እንደ እርሱ ዕድል አይገጥመውም።

ከላይ እስከ ታች ያሉት ዕቃዎች

ዕቃን ለመተካት በመጀመሪያ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከጫፍ እንጀምር።

በምሰሶው ጫፍ ላይ መዘውሮች አሉ። ሸራውን ወደ ላይ የሚስበው ገመድ የሚዞረው በእነርሱ ላይ ነው። እዚያው ጫፍ ላይ የፊቱና የኋላው ወጣሪ የሚታሰሩበት ብረት አለ።

ከዚያ ዝቅ ብሎ የጎን ወጣሪዎቹን የሚይዙት ጠፍጣፋ ብረቶች ይገኛሉ። በምሰሶው ጎንና ጎን እንደ ጆሮ ስለተለጠፉ ጆሮ እንበላቸው። በየጆሮው ቀዳዳ ፒን ይገባል፤ ሽቦው የሚታሰረው በዚያች ፒን ነው።

በምሰሶው ወገብ አካባቢ ወደ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች አሉ። ሥራቸው የጎን ወጣሪውን ከምሰሶው አርቀው መያዝ ነው። ክንዱ ከምሰሶው ጋር የሚገናኝበት መቀመጫ በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ላይ ከቀለጠ አሉሚኒየም በቅርጽ የፈሰሰ ነው፤ ሲያረጅ መሰንጠቅ ያመጣል።

ዝቅ ብሎ የሸራውን ታችኛ ጠርዝ የሚይዘው አግዳሚ ከምሰሶው ጋር የሚገናኝበት ማጠፊያ አለ። ከሁሉ በታች የምሰሶው እግር መቀመጫ ይገኛል። ወጣሪዎቹ ደግሞ ከታች በማጥበቂያ ብሎን አማካይነት ከጀልባው አካል ጋር ከተያያዙ ማሰሪያ ብረቶች ጋር ይገናኛሉ።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢለቅ ሌሎቹ ጤነኛ መሆናቸው አይጠቅምም። አንድ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ 19 ክር የማይዝግ ሽቦ ከመበጠሱ በፊት ከ25 ኩንታል በላይ ይሸከማል። ይህ የሁለት የቤት አውቶሞቢሎች ክብደት ያህል ነው። ያ ሁሉ ጉልበት በመጨረሻ የሚያርፈው በአንዲት ፒን ላይ ነው። ፒኗን ደግሞ ከቦታዋ እንዳትወጣ የምትጠብቃት ጫፏ የታጠፈ ትንሽ የመቆለፊያ ሽቦ ናት።

መጀመሪያ ማንነቱን ማወቅ

በአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ የሄደ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የምን መኪና ነው? የስንት ሞዴል?» የሚል እንደሆነ ያውቃል። በጀልባ ምሰሶ ላይ ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን ያሳስታል። ብዙዎቹ ጀልባ ሠሪዎች ምሰሶውን ራሳቸው አልሠሩትም፤ ከምሰሶ ፋብሪካ ይገዙ ነበር። በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ተመሳሳይ ጀልባዎች የተለያየ ፋብሪካ ምሰሶ ሊኖራቸው ይችላል። ከዚህም ሌላ በመካከል የነበረ ባለቤት ምሰሶውን ለውጦት ይሆናል። ስለዚህ የሚጠየቀው የጀልባው ስም ብቻ ሳይሆን የምሰሶው ስም ነው።

በዚያ ዘመን ስማቸው ከሚጠራው ፋብሪካዎች መካከል የስዊድኑ ሴልደን፣ የእንግሊዞቹ ኬምፕና ፕሮክተር፣ የፈረንሳዩ ኢሶማት፣ የአሜሪካው ኬንየን ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በራሳቸው ስም መሥራት አቁመዋል። ለምሳሌ ኬምፕ ወደ ሴልደን ተጠቃልሏል። ፋብሪካው ቢዘጋም ዕቃው ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ የሚገኘው ሪግ-ራይት የተባለ ድርጅት የተዘጉ ፋብሪካዎችን የምሰሶ ዕቃ ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። ግን የሚፈልገውን በትክክል ለማይገልጽ ደንበኛ ማንም ሻጭ ሊረዳው አይችልም።

ለመለየት የሚከተሉት አምስት ነገሮች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ ምልክት መፈለግ ነው። በምሰሶው እግር አጠገብ፣ በአግዳሚው ጫፍና በማጠፊያው ላይ የተለጠፈ ወይም የተቀረጸ ስም ወይም ቁጥር ሊኖር ይችላል። ቀለምና ቆሻሻ ስለሚሸፍነው በጨርቅና በሳሙና ማጽዳት እንጂ በሞረድ መፋቅ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የምሰሶውን ወርድ መለካት ነው። ምሰሶው ተቆርጦ ከላይ ቢታይ እንደ እንቁላል ወይም እንደ ጠብታ ያለ ቅርጽ አለው። ከፊት ወደ ኋላ ያለው ስፋትና ከጎን ወደ ጎን ያለው ስፋት በካሊፐር ይለካና በሚሊ ሜትር ይጻፋል። ፋብሪካዎች ምሰሶአቸውን የሚለዩት በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

ሦስተኛ፣ ሸራው የሚገባበትን ከኋላ ያለውን ቦይ ማየት ነው። ቦዩ ከምሰሶው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው ወይስ በሪቬት የተለጠፈ? ስፋቱስ ምን ያህል ነው?

አራተኛ፣ ወጣሪው ከምሰሶው ጋር የሚያያዝበትን መንገድ መለየት ነው። አንዳንዱ ከውጭ በተለጠፈ ጆሮ ነው። ሌላው የሽቦው ጫፍ ጠመዝማዛ ወይም ድቡልቡል ሆኖ በምሰሶው ግድግዳ ውስጥ በተሠራ ቀዳዳ ይገባል። የአንዱ ፋብሪካ ጫፍ ለሌላው ቀዳዳ የሚስማማ ቢመስልም አቀማመጡ ከተለየ ጭነቱ በአንድ ጠርዝ ላይ ይወድቃል።

አምስተኛ፣ ልኩ በኢንች ነው ወይስ በሚሊ ሜትር? ይህ ብዙዎችን የሚያሳስት ነው። የ5/16 ኢንች ብሎን ውፍረቱ 7.9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ8 ሚሊ ሜትሩ ጋር መንትያ ይመስላል። ጥርሳቸው ግን አይገጥምም። መደበኛው 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርሱ በየ1.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ5/16ቱ ደግሞ በአንድ ኢንች 18 ጥርስ፣ ማለትም በየ1.41 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ በሌላው ዳዶ ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ይጠብቃል፤ ሠራተኛውም «ጠበቀልኝ» ብሎ ይተወዋል። የጠበቀው ግን ጥርሱ ተጨፍልቆ ነው። እንዲሁም የ3/8 ኢንች ፒን 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለ10 ሚሊ ሜትር በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ በእያንዳንዱ ማዕበል እየተንቀጫቀጨ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ይህ ሁሉ ከፎቶግራፍ ጋር በደብተር ላይ ከመስፈሩ በፊት አንድም ብሎን መፈታት የለበትም። የተፈታ ዕቃ እንዴት እንደነበረ አይናገርምና።

«የማይዝግ» ብረት ሲዝግ

የምሰሶው አካል አሉሚኒየም፣ ዕቃዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ስቴንለስ ስቲል ወይም የማይዝግ ብረት የምንለው ነው። ይህ ብረት የማይዝገው በውስጡ ያለው ክሮሚየም ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በላዩ ላይ እጅግ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ ነው። ሽፋኑ ሲፋቅ ኦክስጅን ካገኘ ራሱን ያድሳል። የጨው ውኃ በጠባብ ቦታ ታግቶ አየር ከተከለከለ ግን አይታደስም። ስለዚህ ይህ ብረት በግልጽ ቦታ እያበራ፣ በጀልባው ወለል ውስጥ በተደበቀው ክፍሉ ግን ሊበላ ይችላል። የታችኛዎቹን ማሰሪያ ብረቶች ሳያወጡ «ደኅና ናቸው» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

የማይዝግ ብረትም ዓይነቱ ብዙ ነው። በጀልባ ላይ የሚዘወተሩት 304 እና 316 የሚባሉት ናቸው። 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስላለው ጨውን የበለጠ ይቋቋማል። በማግኔት መለየት እንደሚቻል የሚናገሩ አሉ፤ ነገር ግን 304 ሲታጠፍና ሲቀጠቀጥ ጥቂት ማግኔት ሊስበው ስለሚችል ይህ አስተማማኝ አይደለም። ዋስትናው ከታመነ ሻጭ መግዛት ነው።

ሁለተኛው ችግር የሁለት ብረቶች አለመስማማት ነው። አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት በጨው ውኃ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ። የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። በብሎኑ ዙሪያ የሚታየው ነጭ ዱቄት የዚህ ምልክት ነው። ዱቄቱ ከነበረው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ብሎኑን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ቀለሙንም ያብጣል።

ስንጥቅን ማግኘት

በዓይን ሲታይ ሦስት ነገሮች ወዲያውኑ ለመተካት በቂ ናቸው። ከሽቦው 19 ክሮች አንዱ እንኳ ተበጥሶ መገኘቱ፣ በጆሮ ወይም በክንድ መቀመጫ ላይ ስንጥቅ መታየቱ፣ የፒን ቀዳዳ ክብነቱን አጥቶ እንደ እንቁላል መሆኑ። ቡናማ የዝገት እንባ ከሽቦው ጫፍ ማሰሪያ ሥር ሲወርድ ከታየ ጠጋ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል።

በዓይን የማይታየውን ስንጥቅ ለማግኘት ቀላል ዘዴ አለ። ዕቃው በደንብ ይጸዳል፤ ቀይ ፈሳሽ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ወደ ስንጥቁ እስኪገባ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይጠበቃል። ከዚያ ላዩ ተጠርጎ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ቀለም ወጥቶ በነጩ ላይ እንደ ቀይ ክር ይታያል። ይህ ዘዴ በአውሮፕላንና በሞተር ጥገና ቤቶችም የተለመደ ነው።

መፍታትና መተካት

ከሁሉ የሚሻለው ምሰሶውን በክሬን አውርዶ በመሬት ላይ መሥራት ነው። ወደ ላይ ወጥቶ መሥራት የግድ ከሆነ ግን ወጪው በሁለት የተለያዩ ገመዶች መታሰር አለበት። ሊመረምረው በወጣው ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ገደል ለማየት የገደሉን አፍ እንደመርገጥ ነው። ከታችም ማንም መቆም የለበትም፤ ከላይ የወደቀ ቁልፍ ሰው ይገድላል።

የተጣበቀ ብሎን በጉልበት አይፈታም። የሚሰርግ ዘይት ተደርጎበት አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በመጠኑ ይሞቃል፤ አልፎ አልፎም በመዶሻ መታ መታ ይደረጋል። እምቢ ካለ ራሱ በመሰርሰሪያ ይወጣል። ምሰሶውን ከማጣመም ብሎኑን ማጥፋት ይሻላል።

አዲሱ ዕቃ ሲገጠም አራት ነገሮች ይጠበቃሉ።

የመጀመሪያው አቅጣጫ ነው። ጆሮው ከሽቦው ጋር በአንድ መስመር መሆን አለበት። «ወፈር ያለ ይሻላል» ብሎ አሮጌውን ስስ ጆሮ በወፍራም ቀጥ ያለ ብረት መተካት የተለመደ ስሕተት ነው። ስሱ ጆሮ ወደ ሽቦው አቅጣጫ ታጥፎ ነበር፤ ወፍራሙ ግን ሽቦውን በጫፉ ላይ ይሰብረዋል። ክንዱም እንዲሁ የሽቦውን ማዕዘን እኩል ለሁለት የሚከፍል መሆን አለበት። ወደ ታች ካዘነበለ ሽቦው ገፍቶ ያወርደዋል፤ ምሰሶውም በዚያ ወገን ድጋፉን ያጣል።

ሁለተኛው ብረቶቹን መለያየት ነው። በዕቃውና በምሰሶው መካከል ስስ ፕላስቲክ ይደረጋል፤ ብሎኑም ለዚሁ የተዘጋጀ ቅባት ይቀባል። ከበግ ፀጉር የሚወጣው ላኖሊን የተባለው ስብም ለዚህ ያገለግላል።

ሦስተኛው የሪቬት ዓይነት ነው። ጭነት ለሚሸከም ዕቃ ሞኔል የተባለው የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ሪቬት ይመረጣል። የአሉሚኒየም ሪቬት ለቀላል ዕቃ ብቻ ነው። ተራ የብረት ሪቬት በባሕር ላይ ፈጽሞ አይገባም።

አራተኛው መዘውሩን ይመለከታል። በአሮጌ ጀልባዎች ላይ ሸራውን የሚስበው ቀጭን የብረት ሽቦ ስለነበረ የመዘውሩ ቦይ ጠባብ ነው። ዛሬ ሽቦው በገመድ ሲተካ መዘውሩም አብሮ መተካት አለበት፤ አለዚያ ገመዱን ይቆርጠዋል። ናይለን ውኃ መጥጦ ስለሚያብጥና በቦታው ስለሚነክስ አሴታል የተባለው ፕላስቲክ ይሻላል።

ዕቃው ከየትም ካልተገኘ በቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል። ጠፍጣፋ ጆሮና ፒን በ316 ብረት በደንብ ይሠራሉ። ቀልጦ የተሠራ አሉሚኒየም ሲሰነጠቅ ግን በብየዳ መጠገን አያስተማምንም። ምሰሶውንም መበየድ አይመከርም፤ አሉሚኒየሙ በፋብሪካ በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ በብየዳው ዙሪያ ያጣዋልና።

ከሥራው በኋላ

ምሰሶው ከቆመና ወጣሪዎቹ ከጠበቁ በኋላ እያንዳንዷ ፒን መቆለፊያዋ መግባቱ በእጅ ተዳሶ ይረጋገጣል። የመቆለፊያው ጫፍ ሸራ እንዳይቀድ ተጠፍጥፎ ይሸፈናል። የመጀመሪያው ጉዞ በቀላል ነፋስ፣ ከወደብ ሳይርቅ፣ ልጆች ሳይሳፈሩ ይሁን። ከዚያ ሁሉም እንደገና ይታያል፤ አዲስ ሽቦ ስለሚሳብ ድጋሚ ማጥበቅ ያስፈልገዋል። የተተካው ዕቃ፣ ልኩና ቀኑ በደብተር ይመዝገብ። ነገ ጀልባውን የሚገዛው ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር የሚያደርገው ያ ደብተር ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። ያልታወቀ ዕቃ አይተካም። ለሚመስለው ቀዳዳ የሚመስለውን ብሎን መስጠት ጊዜ የቆጠበ ቢመስልም ሒሳቡ የሚወራረደው በባሕር መካከል ነው። ቤተሰቡን ወይም እንግዳውን በጀልባው የሚያሳፍር ሰው ነፍስ በአማና ተረክቧል። ተሳፋሪው የሚያየው ነጩን ሸራና ሰማያዊውን ውኃ ነው። ትንሿን ፒን ማየት ያለበት ባለቤቱ ነው።